ኤስቪ 650 ኤስ፦ መሪውን፣ ስፖኪዮውንና ፌሪንጉን ከነካካሁ በኋላ

ይህ ጽሑፍ ስለ ሞተሩ ጉልበት አይደለም። ሱዙኪ ኤስቪ 650 ኤስ የሚባለው ሞተርሳይክል ጥሩ መሆኑን የነዳው ሁሉ ያውቃል። 645 ሲሲ፣ በ90 ዲግሪ በቪ ቅርጽ የተከፈቱ ሁለት ሲሊንደሮች፣ ገና ከዝቅተኛ ዙር የሚጀምር ጉልበት። የእኔው እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የመጣው፣ ካርቡሬተር የቀረለት ባለ ኢንጀክሽን ነው። የምጽፈው ነጂው የሚይዘውንና የሚያየውን ስለመቀየር ነው፦ መሪ፣ ስፖኪዮ፣ ከፊት ያለው የፕላስቲክ ልባስ፣ ማለትም ፌሪንጉ። ባለፈው ዓመት ጸደይ ላይ ሦስቱንም ነካካኋቸው። ከዚያ ወዲህ እዚህ ቨርጂኒያ በአዘቦት ቀን ለሥራ፣ ቅዳሜና እሁድ ደግሞ ለሽርሽር እየነዳሁት ነው።

ፍርዴን ላስቀድም። መሪው የወጣበትን ገንዘብ መልሷል። መሪው ጫፍ ላይ የሚታሰረው ስፖኪዮ ተነቅሎ ሳጥን ውስጥ ነው። ከፌሪንጉ ጋር ገና አልታረቅንም።

የኤስ ሞዴሉ መሪ አንድ ወጥ ቱቦ አይደለም። ሁለት አጫጭር እጀታዎች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው የፎርኩን፣ ማለትም የፊት ጎማውን የያዘውን ሹካ፣ እግር አቅፈው ይታሰራሉ። ዝቅ ስለሚሉ ነጂው ታንኩ ላይ ይደፋል። በፍጥነት ሲነዱ ይህ አይከፋም። ነፋሱ ደረትን እየደገፈ ከእጅ ላይ ክብደት ያነሳል። ችግሩ ነፋስ በሌለበት ነው። አይ 395 አውራ ጎዳና ላይ ትራፊኩ ሲንፏቀቅ የላይኛው ሰውነት ክብደት በሙሉ የእጅ አንጓ ላይ ያርፋል። ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ተራራ ላይ ያለው ስካይላይን ድራይቭም ያው ነው። 105 ማይል የሚያምር ጠመዝማዛ መንገድ፣ የፍጥነት ገደቡ ግን በሰዓት 35 ማይል። በዚያ ፍጥነት የሚደግፍ ነፋስ የለም። ግማሽ መንገድ ሳልደርስ ጣቶቼ ይደነዝዙ ነበር። አገር ቤት ቦክሰር ሞተርሳይክል የነዳ ሰው ይህን ጣጣ አያውቀውም። እዚያ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ነው የሚኬደው።

መፍትሔው ከዚያው ከሱዙኪ ቤት ተገኘ። ፌሪንግ የሌለው ወንድሙ፣ ተራው ኤስቪ 650፣ ባለ ቱቦ መሪ ነው። የሁለቱም ፎርክ 41 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ የወንድሙ የላይኛው ፎርክ መቆንጠጫ የእኔው ላይ ገጠመ። ያገለገለውን ገዛሁ፤ ላዩ ላይ 22 ሚሊ ሜትር ቱቦ አሰርኩበት። እስከዚህ ቀላል ይመስላል።

ከዚያ በኋላ ነው ሥራው የሚጀምረው። መሪው ከፍ ሲል ከእሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ያጥራል፦ የፊት ፍሬን ቱቦ፣ የፍሪሲዮን ገመድ፣ የነዳጅ መስጫ ገመዶች። እነሱንም ከወንድሙ ወሰድኩ። የፍሬኑን ቱቦ ግን በአዲስ፣ ብረት በተጠለፈበት ለወጥኩት። አሮጌ የፍሬን ቱቦ በቁጠባ የሚገዛ ነገር አይደለም። ከፍሬኑ ቱቦ አየሩን ስታስወጡ ታንኩን በጨርቅ ሸፍኑት፤ የፍሬን ዘይት ቀለም ይበላል።

አንድ ፍተሻ ደግሞ በምንም ምክንያት እንዳይዘለል። ሞተሩን አስነስታችሁ፣ ነዳጅ ሳትሰጡ፣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሩት። ዙሩ ከጨመረ ገመዱ እየተጎተተ ነው ማለት ነው። እንዲህ ሆኖ መንገድ ከወጣ፣ ጠባብ ቦታ ላይ ስታዞሩ ሞተሩ በራሱ ፈቃድ ይወነጨፋል። በዚያው የፍሬኑና የፍሪሲዮኑ እጀታ ፌሪንጉን ወይም ፓራብሬዛውን ይነካ እንደሆነ እዩ። እኔ ለዚህ ብዬ ሰፊውንና ረጅሙን ቱቦ ትቼ ዝቅና ጠበብ ያለውን መረጥኩ። ረጅሙን የፈለገ ፌሪንጉን መቁረጥ አለበት። እኔ ደግሞ መጋዝ አላነሳም።

ውጤቱስ? የእጅ አንጓዬ ዳነ። መሪው ሰፋ ስላለ ኩርባ ላይ ሞተሩን ወደ ጎን ማጋደል ቀሎኛል፤ ተራራው ላይ ደስ ይላል። የሚከፈል ዋጋም አለው። ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ሰው ከፊት ጎማው ላይ ክብደት ያነሳል፤ ኩርባ ውስጥ የፊት ጎማው እንደ ድሮው አያወራኝም። አይ 66 ላይ የጎን ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ሰውነቴ ሸራ ይሆናል፤ ንቅናቄው በእጄ አልፎ መሪው ላይ ይደርሳል። በጉልበት ታንኩን ጨብጦ እጅን ማላላት ተለማመድኩ።

ወደ ስፖኪዮው ልምጣ። የፋብሪካው ስፖኪዮ ፌሪንጉ ላይ የተተከለ ነው። ድሮውንም ግማሹ የሚያሳየው የራስን ክንድ ነበር። መሪው ከፍና ሰፋ ሲል ክርኔም አብሮ ወጣ፤ ስፖኪዮው ጃኬቴን ብቻ ያሳየኝ ጀመር። ስለዚህ የመሪ ጫፍ ስፖኪዮ ገዛሁ፤ ክብ፣ 3 ኢንች፣ ፎቶ ላይ የሚያምር።

ቆሞ ሲታይ ጥሩ ነበር። ችግሩ ጫፉ ላይ የሚታሰረው ነገር የመሪውን የጫፍ ክብደት ማስወጣቱ ነው። ያ ክብደት ለጌጥ አልተቀመጠም፤ ንዝረት ይውጣል። እሱ ሲወጣ የቪ ሞተሩ ንዝረት በሙሉ መስታወቱ ላይ ሰፈረ። ሀይዌይ ላይ ከኋላዬ ያለው መኪና ይሁን የፖሊስ መኪና መለየት አልቻልኩም። መጠኑም አነሰኝ። የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ አምራቾች ሞተር ላይ የሚገጥሙት ጎበጥ ያለ ስፖኪዮ ቢያንስ 10 ስኩዌር ኢንች ገጽ እንዲኖረው ያዛል። ባለ 3 ኢንቹ ክብ ከ7 ብዙም አያልፍ። ቨርጂኒያ ደግሞ ወደኋላ ቢያንስ 200 ጫማ የሚያሳይ ስፖኪዮ ትፈልጋለች። እየተርገበገበ የሚያሳየው ይቆጠር አይቆጠር የተሽከርካሪ መርማሪው ይፍረድ።

መጨረሻ ላይ የሠራው በጣም ርካሹ ነው። የፋብሪካውን ስፖኪዮ መልሼ፣ በእሱና በፌሪንጉ መካከል ወደ ውጭ የሚገፋ የአሉሚኒየም ማራዘሚያና ረዘም ያለ ቡሎን አስገባሁ። አሁን ከክርኔ ውጭ ያለውን መስመር አያለሁ። መልኩ ትንሽ ጆሮ አውጥቷል፤ ይሁን።

ፓራብሬዛውን በሁለት መስመር ልጨርሰው። ወደ ላይ ያበጠውን ዓይነት ሞከርኩ፤ አሁን ቀና ብዬ ስለምቀመጥ የተረበሸውን ነፋስ ልክ ሄልሜቴ ላይ ደፋው። ዝቅ ያለውን መለስኩ፤ ደረቴ ይመታል፣ ጭንቅላቴ ግን ጸጥታ አለው። የጆሮ መድፈኛ ያው ግድ ነው።

ፌሪንጉ ላይ ግን ቂም ይዣለሁ። የግራው ጎን ስንጥቅ ስለነበረው፣ «በቀጥታ ይገጥማል» የተባለ ቅጂ በኢንተርኔት አዘዝኩ። ቀዳዳው ከቀዳዳ አልገናኝ አለ። አንዱን ቡሎን ሳስር ሌላው ጫፍ ይነሳል። በግድ ካሰርኩት ደግሞ ውጥረቱ ውሎ አድሮ እንደሚሰነጥቀው ግልጽ ነው። የራሱን መለስኩና ጠገንኩት። የፕላስቲኩ ጀርባ ላይ ኤቢኤስ (ABS) የሚል የፕላስቲክ ዓይነት ምልክት ካለ፣ አሴቶን በሚባለው ማሟሟቻ ይሟሟል። የተሰበረ ቁራጭ አሴቶን ውስጥ አሟሙቶ፣ ሊጥ ሲሆን ከውስጥ በኩል ስንጥቁ ላይ መቀባት ነው። መስኮት ከፍታችሁ፣ ከእሳት ርቃችሁ። ምልክቱ ፒፒ (PP) ከሆነ አትድከሙ፤ እሱን አሴቶን አይነካውም። የእኔው ጥገና ብርዱንም ንዝረቱንም ችሎ አለ። ቀለሙ ግን አልገጠመም።

የውድድር ትራክ ላይ ለሚነዳ ሰው ይህን ለውጥ አልመክርም። እዚያ ዝቅ ያለው መሪ ነው ሥራውን የሚሠራው። ለከተማና ለተራራ ለሚፈልገው ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፦ መጀመሪያ መሪውን ጨርሱ፣ ጥቂት ሳምንት ንዱበት፣ ክርናችሁና ጭንቅላታችሁ የት እንደሚያርፍ ከታወቀ በኋላ ስፖኪዮና ፓራብሬዛ ግዙ። የድሮዎቹን እጀታዎችም አትሽጡ። ሞተሩን የሚገዛው ሰው ይጠይቃችኋል።