ለልጅ ባለአራት ጎማ ሞተር፦ ቤንዚን ይሻላል ወይስ ኤሌክትሪክ?

ገዢ አብዛኛውን ጊዜ ፍጥነትና ዋጋ ይጠይቃል። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ግን የሚበልጠው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ሞተሩ ቀጥ ያለ ዕለት ብልሽቱን ማን ያገኘዋል? የእኔ ምርጫ አዲስ ለሚገዛ ኤሌክትሪኩ፣ ያገለገለ ለሚገዛ ባለ 110 ሲሲው ቤንዚን ነው።

የቤንዚኑን ሲዲአይ (የካንዴላውን እሳት ጊዜ የሚቆጣጠረው ሳጥን) እና ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠው ጥቅል) የባጃጅና የሞተር ሳይክል ባለሙያዎች ያውቁታል። ደግሞ አብዛኛው ችግሩ ቀላል ነው። ስታርት ሲጫን ዝም ካለ መጀመሪያ ፍሬኑን ይያዙ፣ ማርሹንም ፎሌ (ነፃ) ያድርጉ፤ ብዙዎቹ ያለዚያ ሞተሪኖ (ማስነሻውን) አያዞሩም። ከዚያ ፊውዙን፣ ቀጥሎ ባትሪውን በቴስተር ይዩ። ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ሞተሪኖው ሲዞር ከ10 በታች ከወረደ ደክሟል። ሞተሩ ተነስቶ 13.5 እንኳ ካልደረሰ ቻርጅ እያደረገ አይደለም፣ ስታተሩ (ኤሌክትሪክ የሚያመነጨው ጥቅል) ወይም ሬጉላተሩ (ቮልቱን የሚመጥነው) ይጠረጠራል።

ሞተሪኖው እየዞረ ካንዴላው እሳት ካልሰጠ ከኋላ ያለውን የማጥፊያ ገመድ (ተስቦ ሲነቀል ሞተሩን የሚያጠፋውን) ይመልከቱ፤ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ለሙከራ ያህል የማጥፊያውን ሽቦ ከሲዲአይ ሲነቅሉት እሳት ከመጣ ጥፋቱ ስዊቾቹ ጋ ነው። ያ ገመድ ልጁን ማስቆሚያ ስለሆነ ሽቦው መልሶ ይሰካል። ገመዱን ቆርጦ «እንዲህም ይሠራል» የሚል ሻጭ ካጋጠመዎት ትተውት ይሂዱ።

ከተማችን 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ለቆላ የተስተካከለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው) ቤንዚን ያበዛል፣ ካንዴላውም ይጠቁራል። ጥፋቱ የካርቡሬተሩ ሆኖ ሳለ ስንቱ ደህናውን ቦቢና ሲቀይር ይውላል!

ኤሌክትሪኩ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ባለ 36 ቮልቱ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው፤ ራስ ምታቱም እዚያው ነው። አንዷ ከደከመች ሦስቱም እንደደከሙ ይቆጠራል። ሞተሩ ቆሞ ሲለካ ድምሩ ልክ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ጭነት ላይ እያለ (ሞተሩ ኃይል እየሳበ) እያንዳንዷን ለየብቻ ይለኩ። ሁለቱ 12 ላይ ቆመው አንዷ ወደ 10 ከወረደች ጥፋተኛዋ ተገኘች። ችግሩ እሷን ብቻ መቀየር አያዋጣም፣ አዲሷን አሮጌዎቹ ቶሎ ያደክሟታል። ያገለገለ ኤሌክትሪክ የማልመክረው ለዚህ ነው፤ የባትሪ ዋጋ ሲጨመርበት ርካሽነቱ ይጠፋል።

ባትሪው ደህና ሆኖ አልሄድ ካለ ፍሬኑ ላይ ያለው ስዊች ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ጋዝ መስጫው ደግሞ 5 ቮልት ገብቶለት ሲጠመዘዝ ከ1 ገደማ ተነስቶ ወደ 4 መውጣት አለበት። እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ቀሪው ተጠርጣሪ ኮንትሮለሩ (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ሳጥን) ነው፤ ስለዚህ ሻጩ ኮንትሮለር ማምጣት ይችል እንደሆነ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ሰፈርዎ መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ከሆነም ያስቡበት፤ እነዚህ ባትሪዎች ባዶ ሆነው ሲሰነብቱ ይሞታሉ።

ክረምት ለሁለቱም ክፉ ነው፤ ትምህርት የሚዘጋውም፣ ልጆች ጭቃ ለጭቃ የሚነዱትም ያኔ ነው። ማያያዣዎቹ አረንጓዴ ዝገት ያወጣሉ፣ ማሳውም (ከሻሲው ጋር የሚታሰረው የኔጋቲቭ ሽቦ) ይላላል። ጣና ዳር ወስዶ ውኃ እየደፉ ማጠብ ይቅር፤ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል ይበቃል።

ያገለገለ ቤንዚን ለማየት ሲሄዱ ሻጩ አስቀድሞ አስነስቶ ከጠበቀዎት ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፣ ከዚያ ራስዎ ያስነሱት።