በደሴ ንባብ ቤት የማሳቹሴትስ ሕገ መንግሥት ሲመረመር

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያለ አንድ ንባብ ቤት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የታሪክ ሰነዶች ተነብበው ውይይት የሚደረግበት አገልግሎት ጀምሯል። መግቢያው 20 ብር ሲሆን የአማርኛ ጭምቅ ጽሑፍና ቡና ይጨምራል። በቅርቡ የተነበበው የአሜሪካዋ የማሳቹሴትስ ግዛት ሕገ መንግሥት ነበር።

አወያዩ፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የጀመሩት ከሰነዱ አወጣጥ ነው፤ ይህም ትክክለኛ ምርጫ ነው። የኮንኮርድ ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ1776 ሕግ አውጪው ራሱ የሚያወጣውና ራሱ የሚለውጠው ሕገ መንግሥት ለዜጋው ዋስትና እንደማይሆን አስታውቀው ነበር። ምክር ቤቱ ግን ራሱ አረቀቀ፤ በ1778 ረቂቁ በየከተማው ስብሰባ ውድቅ ሆነ። በ1779 ለዚሁ ሥራ ብቻ የተመረጠ ጉባኤ በካምብሪጅ ተሰበሰበ፤ አብዛኛውን ረቂቅ የጻፈው በኋላ የአሜሪካ ሁለተኛ ፕሬዚዳንት የሆነው ጆን አዳምስ ሲሆን፣ ከተሞቹም በ1780 አንቀጽ በአንቀጽ መረመሩት።

እኛም እንዲሁ ስናነብ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቆምን። አንቀጹ ከተሞች ለፕሮቴስታንት ሰባኪዎች እንዲከፍሉ የማስገደድ ሥልጣን ለሕግ አውጪው ይሰጣል። አንድ አዛውንት ነጋዴ «እኛ አገር መስጊድ ሲሠራ ክርስቲያኑ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ሙስሊሙ ያዋጣል፤ ማንም ግን አስገድዶት አይደለም» አሉ። አንዲት ወጣት «አባባ፣ የከተማውን ሰባኪ የማይከተለውስ ሰው ገንዘቡ ለማን ይሄዳል?» ብላ ጠየቀች። አወያዩ መልሱን ከሰነዱ አነበቡ፦ ከፋዩ ትምህርቱን የሚከታተለው የራሱ ወገን ሰባኪ ካለ ገንዘቡ በጥያቄው መሠረት ለእርሱ ይሰጣል፤ ከሌለ ግን ለአጥቢያው ሰባኪ ሊሄድ ይችላል። ሰባኪውን አይዛክ ባከስን የመሰሉ ባፕቲስቶች (ከፕሮቴስታንት ወገኖች አንዱ) የተቃወሙት ይህንኑ አስገዳጅነት ነው፤ አንቀጹም የተለወጠው በ1833 ነው። በወሎ፣ ሁለቱ እምነቶች በአንድ ቤተሰብ ውስጥ በሚገኙበት አገር፣ ይህ ክርክር በረካው ተጠጥቶ ካለቀም በኋላ መቀጠሉ አያስገርምም።

ጉድለቱ የአሰጣጥ ነው። ጽሑፉ የሚታደለው በር ላይ በመሆኑ አንባቢው አስቦበት አይገባም። ከዚህም በላይ የኒው ዮርክ ግዛት የ1821 የሕገ መንግሥት ጉባኤ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብቻ ተነሥቶ ታለፈ፤ ያ ጉባኤ ለነጮች የንብረት መስፈርቱን ሲያነሣ በጥቁሮች መራጮች ላይ የ250 ዶላር ንብረት መስፈርት ያጸና ስለሆነ ሙሉ ቅዳሜ ይገባዋል። ጽሑፉ ከሐሙስ ጀምሮ ቢሰጥ 20 ብሩ ላይ ትንሽ መጨመርም ቅር አያሰኝም። ሕግ የሚማሩ ወጣቶች ግን ይህ እስኪስተካከል ሳይጠብቁ ቢመጡ እመክራለሁ።