የሁለት ቀን የ«ማዕቀፍ» ሥልጠና፦ ቅዳሜው ማለፊያ፣ እሑዱ ፎርም ሙሌት

ባለፈው ወር አንድ የሥልጠና ማዕከል (ስሙ ይቅር) «ማዕቀፍ በየሙያው» ብሎ ያዘጋጀውን የቅዳሜና እሑድ ሥልጠና ወሰድኩ። 3,000 ብር ነው። ሻይና ሳምቡሳ አለው፣ ምሳ በራስ ነው። እኔ ቀን ኮድ እጽፋለሁ፣ ማታ ማስተርሴን እማራለሁ። ሁለቱም ቦታ «ፍሬምወርክህ (ማዕቀፍህ) ምንድን ነው?» ይሉኛል። ሥራ ቦታ «ጃንጎ» ብዬ እገላገላለሁ፤ ድረ ገጽ የምንሠራበት የኮድ ማዕቀፍ ነው። ትምህርት ቤት ግን ዝም ነው። የተመዘገብኩትም ለዚሁ ነው።

ቅዳሜ 2፡30 ተብሎ 3፡15 ተጀመረ። እሱን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ያስተማሩን ሰውዬ ግሩም ናቸው። በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ። ስላይድ አልከፈቱም። ሰሌዳው ላይ የጭቃ ቤት ሣሉ፦ ቋሚው ቆሟል፣ ማገሩ ተመትቷል፣ ጭቃው ግን ገና አልተመረገም። «ልጆች፣ ይሄ ቤት ስንት ክፍል አለው? በሩስ በየት በኩል ነው?» አሉን። ሁላችንም መለስን። «አያችሁ፣ ሳይመረግ አወቃችሁት።» ቃሉም ከማቀፍ የመጣ ነው ብለው ክንዳቸውን ዘርግተው አሳዩን፤ ሲያቅፉ መሐል ላይ ክፍት ቦታ ይቀራል፣ እሱን ቦታ ልብ በሉ አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ሰፈር መጡ። ላይብረሪን (ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀውን የኮድ ስብስብ) አንተ ትጠራዋለህ፣ ፍሬምወርክ ግን አንተን ይጠራሃል። እውነት ነው፤ ጃንጎ ላይ ቪው (ለአንድ ገጽ ጥያቄ መልስ የሚያዘጋጅ ቁራጭ ኮድ) እጽፋለሁ እንጂ ራሴ ጠርቼው አላውቅም፣ አንድ ሰው ገጹን ሲከፍት ጃንጎ በአድራሻው ፈልጎ ያገኘውና እሱ ያስነሳዋል። ስንት ዓመት ስሠራበት እንዲህ ብዬ አስቤው አላውቅም! ጃንጎ የተወለደው አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ፣ ጋዜጣ ቤት መሆኑንም እዚያው ሰማሁ። ለሕዝብ የተለቀቀው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለካ ጽሑፍ ማስገቢያው የአስተዳዳሪ ገጽ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ለዚህ ነው፣ ዜና የሚቸኩል ሰው ነው የሠራው።

ገንዘቤን ያስመለሰልኝ ግን የሩሲያዊው ኬሚስት የሜንዴሌቭ ታሪክ ነው። ሰውዬው እ.ኤ.አ. በ1869 ንጥረ ነገሮችን በሠንጠረዥ ሲደረድር አንዳንዱን ቦታ ባዶ ተወው። ያልተገኘ አለ ማለቱ ነው። ከአሉሚኒየም በታች ያለው ክፍተት ውስጥ የሚገባው ብረት እፍግታው (ከውሃ አንጻር ያለው ክብደት) ወደ 6 ገደማ እንደሚሆን ሳይቀር ተነበየ። በ1875 አንድ ፈረንሳዊ ኬሚስት ጋሊየምን አገኘና ለካው፤ 4.7 ወጣ። ሜንዴሌቭ ንጥረ ነገሩን በዓይኑ እንኳ ሳያይ «በደንብ አጥርተህ እንደገና ለካው» አለው። ለካው። 5.9 ሆነ። ክፍሉ ውስጥ ጸጥ አለ፣ ሳምቡሳ የሚያኝክ ሰው እንኳ አልነበረም።

ከሕግም የናይል ተፋሰስ የትብብር ማዕቀፍ ስምምነትን አነሡ። ግንቦት 2002 ዓ.ም. ኢንቴቤ ላይ ለፊርማ የቀረበው፣ ጥቅምት 2017 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው። እሱም ባዶ ቦታ አለው፦ ስለ ውሃ ዋስትና የሚናገረው አንቀጽ 14(ለ) ላይ መስማማት ስላልተቻለ፣ ወደፊት እንዲፈታ ተብሎ በአባሪ ተያዘ። ቤቱ ቆመ፣ አንዱ ግድግዳ ሳይመረግ።

በዚህ ስሜት ነው እሑድ የገባሁት።

እሑድ ሌላ ወጣት አሠልጣኝ መጣ። ስላይዱ እንግሊዝኛ፣ ፍጥነቱ የታክሲ ረዳት። የንድፈ ሐሳብና የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍን ልዩነት ጥሩ አድርጎ አስረዳ፣ አልዋሽም፤ የመጀመሪያውን ከሌላ ሰው ትዋሳለህ፣ ሁለተኛውን ለራስህ ጥናት ራስህ ታዋቅረዋለህ። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። የቀረው ቀን በሙሉ ግን የታተመ ወረቀት ላይ ሳጥን መሙላት ሆነ። ግራ በኩል አራት ሳጥን፣ ቀኝ በኩል አንድ፣ መሐል ቀስት። «ባዶ ሳጥን አይፈቀድም» አለን።

አጠገቤ የተቀመጠችው ነርስ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እኔ እናቶች ለሁለተኛው ክትባት ለምን እንደማይመለሱ ነው የማጠናው። ምክንያቱን ባውቀው መቼ አጠና ነበር? ሳጥኑ ላይ ምን ልጻፍ?»

«ከቀደመ ጥናት ወስደሽ ሙዪው፣ እህቴ።»

ዞራ አየችኝ። እኔማ በአሥር ደቂቃ ሞልቼ ጨርሼ ነበር፣ አሁን ግን አራተኛው ሳጥን ውስጥ ምን እንደጻፍኩ ብትጠይቁኝ አላስታውስም። እሷ ሦስቱን ባዶ ትታ ወጣች። አሠልጣኙንም ብዙ አልፈርድበትም፤ ያችን ሥዕል ካላዩ ፕሮፖዛል የማያሳልፉ አማካሪዎች እንዳሉ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ግን እኮ ትናንት እዚያው ክፍል ስለ ሜንዴሌቭ ሰምተናል! ሁለቱ አሠልጣኞች ሥልጠናውን አብረው አላዘጋጁም መሰለኝ።

በአጭሩ ቅዳሜ ከአምስት አምስት፣ እሑድ ሁለት። ቅዳሜን ለብቻው ይሸጡ እንደሆነ መዝጋቢዋን ጠይቄያት ነበር፣ «ሰርተፍኬቱ የሁለት ቀን ስለሆነ አይቻልም» አለችኝ። ከሄዳችሁ ከፊት ተቀመጡ፣ የሰውዬው ድምፅ ከኋላ አይሰማም። ላፕቶፕ የምትይዙም ቻርጅ አድርጋችሁ ሂዱ፤ ሶኬቱ አንድ ነው፣ እሱም የሻይ ማፍያው ነው።