አራት ኪሎ ያለችው ፎቶኮፒና ጽሁፍ ቤት፣ ኢሜይል ለምትልኩ ሁሉ
ስኮላርሺፕ ፍለጋ ለማላውቃቸው ፕሮፌሰሮች 23 ኢሜይል ልኬ አንድም መልስ አጥቼ ተስፋ ቆርጬ ነበር፣ ከዛ ጓደኛዬ አራት ኪሎ አንዲት ጠባብ ፎቶኮፒና ጽሁፍ ቤት ይዞኝ ሄደ። የምትተይበው ልጅ የላኩትን ጮክ ብላ አነበበችውና «ወንድሜ፣ ሰውየው እኮ አያውቅህም፣ የፈለከውን የነገርከው አራተኛው አንቀጽ ላይ ነው» አለችኝ። ስለ ህይወቴ የጻፍኩትን በሙሉ አጠፋችው፣ ሰውየው ስለ ጤፍ የሰራውን ጥናት ከፍተን አብረን አነበብን፣ ከዛ አንድ ጥያቄ ብቻ አስቀረች። አምስት መስመር በቃ! የከፈልኩት 80 ብር ነው።

በ1977 እ.ኤ.አ. ቮዬጀር ከተባሉት መንኮራኩሮች ጋር ወደ ጠፈር የተላከው በወርቅ የተለበጠ የድምጽ ዲስክ በ55 ቋንቋ ሰላምታ ይዟል፣ አማርኛ የለበትም፣ ይሄ ሁሌ ያንገበግበኛል። ማን እንደሚያገኘው ባይታወቅም ድምጹን እንዴት አጫውቶ እንደሚሰማው ግን ሽፋኑ ላይ በስዕል አሳይተዋል። ልጅቷም የሰራችልኝ እሱን ነው፣ ለማያውቀኝ ሰው እንዴት እንደሚያነበኝ አሳየችልኝ።

በዘጠነኛው ቀን መልስ መጣ፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው የከፈትኩት። ከሰአት ወረፋ አለ ወንበሩም ሁለት ብቻ ነው፣ ጠዋት ሂዱ።