የጨረቃን ቀለም ለማውጣት፦ ረጅም ሌንስ ወይስ ቴሌስኮፕ?

ጨረቃ ለዓይን ግራጫ ብትመስልም ቀለም አላት፤ ፎቶ አንስተን ቀለሙን በኮምፒውተር ስናደምቀው ይወጣል። የጸጥታ ባሕር የሚባለው ጠቆር ያለ ሜዳ ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ ድንጋዩ ቲታኒየም ይበዛበታልና። እ.ኤ.አ. በ1969 የአፖሎ 11 ተጓዦች ከዚያ ያመጡት ድንጋይም ይህንኑ አሳይቷል። ጎረቤቱ የእርጋታ ባሕር ቲታኒየም ስለሚያንሰው ወደ ቡናማ ያዘነብላል። ልዩነቱ እጅግ ስስ ስለሆነ ገዢ ከሁሉ በፊት ማጣራት ያለበት ዕቃው ስንት እጥፍ እንደሚያጎላ ሳይሆን የሌለ ቀለም ይጨምር እንደሆነ ነው።

ርካሹን ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ከምርጫው የማወጣው ለዚህ ነው። በጨረቃ ጠርዝ ላይ ሐምራዊ ጭረት ይተዋል፤ ቀለሙን ስናደምቅ ያም አብሮ ይደምቃል። ለፕላኔት የተሠሩት ትንንሽ ካሜራዎችም ሙሉ ጨረቃን በአንድ ጊዜ አይዙም፤ ቁርጥራጭ ምስሎችን መገጣጠም ለጀማሪ አድካሚ ነው።

እውነተኛው ፉክክር የትኩረት ርቀቱ (በጨመረ ቁጥር ምስሉን የሚያጎላው ልክ) 600 ሚሊ ሜትር በሆነ ሌንስና 127 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው የማክሱቶቭ ቴሌስኮፕ፣ ማለትም መስታወትና ሌንስ አጣምሮ በሚሠራ ዓይነት፣ መካከል ነው። የቴሌስኮፑ የትኩረት ርቀት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። የትኩረት ርቀቱን ለ110 ብናካፍል ጨረቃ በካሜራው ብርሃን ተቀባይ (ሴንሰር) ላይ የምትይዘውን ስፋት እናገኛለን፦ በሌንሱ 5.5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ በቴሌስኮፑ 14 ሚሊ ሜትር ያህል። ስለዚህ ማክሱቶቭ ጉድጓዶቹን አጥርቶ በማሳየት ያለ ጥርጥር ይበልጣል። ብርሃንን በዋናነት የሚሰበስበው በመስታወት ስለሆነ የሐሰት ቀለሙም ከቁጥር አይገባም። ነገር ግን ከቤት ሲወጣ እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ይፈልጋል፤ ከጨረቃና ከፕላኔቶች ውጭም አገልግሎቱ ጠባብ ነው።

ቀለም ብቻ ለሚሻ ሰው እኔ ጥሩውን ሌንስ እመርጣለሁ። የጨረቃ ቀለሞች የተዘረጉት በሰፋፊ ሜዳዎች ላይ ነው፤ እነርሱን ለመለየት 5.5 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ሌንሱ ደግሞ ቀን ቀን ወፎችን ያነሳል። በአሪስታርኮስ ጉድጓድ ዙሪያ ያለውን የቀለም ለውጥ ከነዝርዝሩ ለማየት የጓጓ ግን ማክሱቶቭን ይግዛ።

ካሜራው ጥሬ ፋይል፣ ማለትም ገና ያልተቀነባበረ ምስል፣ የማያስቀምጥ ከሆነ ሁለቱም አይረዱም። የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ለእያንዳንዱ መሠረታዊ ቀለም 256 እርከን ብቻ ሲኖረው ባለ 14 ቢት ጥሬ ፋይል 16,384 አለው፤ ስሱ ሰማያዊ የሚገኘው ከእነዚህ እርከኖች ውስጥ ነው። ጨረቃ ሙሉ ሆና ከፍ ስትል 100 ፎቶ አንስቶ በኮምፒውተር መደራረብ ብናኙን (ምስሉን የሚያሻክሩትን የዘፈቀደ ነጥቦች) ወደ አንድ አሥረኛ ይቀንሰዋል። ከዚያ በኋላ ድምቀቱ በአንድ ጊዜ ሳይሆን ደጋግሞ በጥቂት በጥቂቱ ይጨመራል። ማክሱቶቭ የመረጠ ገዢ ከካሜራው ጋር የሚያገናኘውን ቀለበት አብሮ ይግዛ፤ ቀለበቱ እንደ ካሜራው ዓይነት ይለያያል።