በአንድ ዓረፍተ ነገር ሙሉ አፕ ይሠራል የተባለው ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት)፦ በዕድራችን መዝገብ ላይ ሞክሬው

ዋጋው በወር 20 ዶላር ነው። ስሙን አልጠራም፣ ተፎካካሪዎቹም የሚሸጡት በዚያው ቃል ነውና። የምትፈልገውን ጻፍ፣ አፑን እኔ እሠራዋለሁ ይላል። የሰፈራችንን ዕድር መዝገብ ከደብተር ወደ ስልክ ለማዞር ተጠቀምኩበት። መሣሪያው ጥሩ ነው። የሚወራለት ግን ከልክ አልፏል።

ጥሩውን ልናገር። የአባላት ዝርዝር፣ የወር መዋጮ፣ የቅጣት ሠንጠረዥ፣ ሁሉንም በደቂቃዎች ውስጥ አወጣው። መልኩም ያምራል። የዕድሩን ጸሐፊ ባሳያቸው «ልጄ፣ ይኼማ አለቀ አይደል?» አሉኝ። ያለቀ ይመስላል፤ ችግሩም እሱ ነው።

ገባ ብዬ ሳየው ዓመቱ 12 ወር ነበር። በእኛ አቆጣጠር ሥራ ስለው ጳጉሜን ጨመረልኝ፣ ግን እንደ ሙሉ ወር ቆጠራትና በ5 ቀን ወር መዋጮ ያልከፈለውን አባል ሁሉ ቅጣት ውስጥ ከተተው። ስም ፍለጋውም እንደዚያው ነው። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብላችሁ ስትፈልጉ የለም ይላል፣ ጸሐፊው እንደ አዲስ ይመዘግባቸዋል፣ ከዚያ አንድ ሰው ሁለት ቦታ ይገኛል፣ አንደኛው ከፋይ ሌላኛው ባለዕዳ ሆኖ።

ከሁሉም የከፋው ክፍያው ነው። በቴሌብር እንዲያስከፍል ጠይቄው ቁልፉን ሠራ፣ ሲጫኑት «ክፍያዎ ተሳክቷል» የሚል አረንጓዴ ጽሑፍ ይመጣል፣ መዝገቡም ላይ ተከፍሏል ተብሎ ይሰፍራል። ገንዘብ ግን ከየትም ወደየትም አልሄደም። ኮዱን፣ ማለትም አፑ የተጻፈበትን የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ከፍቼ ባላነበው ኖሮ ማን ያውቅ ነበር? ለቀብር የሚዋጣ ገንዘብ እኮ ነው። ስነግረው ይቅርታ ጠየቀ፣ አስተካክያለሁ አለ፣ ያስተካከለው ግን ጽሑፉን ብቻ ነበር።

አሁን ይኼን ከትልልቆቹ ንግግር ጋር አስተያዩት። የኤአይ ቺፕ የሚሠራው የኤንቪዲያ ኩባንያ ኃላፊ ጄንሰን ሁዋንግ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ዱባይ ላይ ልጆች ኮድ መጻፍ መማር አያስፈልጋቸውም የሚል ሐሳብ ተናገረ። ክሎድ የተባለውን ኤአይ የሚሠራው የአንትሮፒክ ኩባንያ ኃላፊ ዳሪዮ አሞዴይ በመጋቢት 2025 ከ3 እስከ 6 ወር ውስጥ ኤአይ ከኮዱ 90 በመቶውን ይጽፋል፣ በዓመት ውስጥ ደግሞ ሁሉንም ለማለት ይቻላል አለ። ምን መሠራት እንዳለበት የሚወስን ፕሮግራመር ለጊዜው እንደሚያስፈልግም አክሎ ነበር። በመጋቢት 2024 «የመጀመሪያው የኤአይ ሶፍትዌር መሐንዲስ» ተብሎ የቀረበው ዴቪን፣ አምራቹ ራሱ ባወጣው ቁጥር፣ ከተፈተነባቸው ችግሮች የፈታው 13.86 በመቶውን ነው። ለዚያ ጊዜ ትልቅ እርምጃ ነበር። ግን ከሰባት ሥራ አንዱን የሚጨርስን ሰው መሐንዲስ ብሎ የሚቀጥር አለ?

ሜተር የተባለው የምርምር ድርጅት በ2025 ያወጣው ጥናት ደግሞ አስገርሞኛል። 16 ልምድ ያላቸው ፕሮግራመሮች ለዓመታት በሚያውቁት ፕሮጀክት ላይ 246 ሥራዎችን ሠሩ፣ ከፊሉን በኤአይ፣ ከፊሉን ያለ ኤአይ። በኤአይ ሲሠሩ 19 በመቶ ተጨማሪ ጊዜ ወሰደባቸው። እነሱ ግን ሲጨርሱም 20 በመቶ የፈጠኑ መስሏቸው ነበር። መሣሪያዎቹ ከዚያ ወዲህ ተሻሽለዋል። ቢሆንም እንደፈጠነ የሚሰማው ሰው በእርግጥ መፍጠኑን የሚያውቀው ሲለካ ብቻ ነው፣ መድረክ ላይ የሚወጡት ደግሞ የሚነግሩን ስሜቱን ነው።

የሚያናድደኝ ይኼ ወሬ እኛ ጋ ሲደርስ የሚያደርገው ነው። ደንበኛ «ኤአይ በነጻ ይሠራው የለ እንዴ?» ብሎ ግማሽ ዋጋ ይጠራል። ኮምፒውተር ሳይንስ የሚማሩ ጎበዝ ልጆች ማቆም አለብን ወይ ብለው ይጠይቁኛል። አታቁሙ! ያንን የውሸት «ተሳክቷል» የሚይዘው ኮድ ማንበብ የሚችል ሰው ነው።

ለሱቅ ማስተዋወቂያ ገጽ፣ ለምዝገባ ቅጽ፣ ሐሳባችሁን ለደንበኛ ለማሳየት ከሆነ 20 ዶላሩን ክፈሉ፣ ያዋጣል። የሰው ገንዘብ ወይም የሕክምና መረጃ የሚነካ ከሆነ ግን ኮዱን መስመር በመስመር የሚያይ ባለሙያ ሳይኖራችሁ ለተጠቃሚ አትልቀቁት። እኔ ገጾቹን እንዳሉ ወሰድኳቸው። ክፍያውን፣ የቀን አቆጣጠሩንና የስም ፍለጋውን ክፍል ግን ጥዬ ራሴ እየጻፍኩት ነው፣ እስኪያልቅ ዕድሩ በደብተሩ ይቀጥላል።