በእጅ፣ በባለ ሁለት ገንዳ ወይስ በአውቶማቲክ? ልብስን በቁጠባ ለማጠብ የሚረዳ ንጽጽር

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ለመግዛት የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዋጋውን ነው። ተገቢ ነው። ግን ማሽኑ የሚገዛው አንድ ጊዜ ሲሆን ውሃው፣ መብራቱና ሳሙናው በየሳምንቱ ይገዛሉ። ስለዚህ እዚህ የማወዳድረው ማሽኑ ቤት ከገባ በኋላ ለዓመታት የሚያስወጣችሁን ነው። በእጅ ማጠብንም አስገብቼዋለሁ፤ ለአንዳንድ ቤት እስካሁን ትክክለኛው ምርጫ እሱ ነውና።

አንድ መነሻ እንያዝ። ጀርመናዊው ኬሚስት ሄርበርት ዚነር እ.ኤ.አ. በ1959 ልብስ የሚጸዳው በአራት ነገሮች መሆኑን አስቀመጠ፦ በሳሙና፣ በሙቀት፣ በማሸትና በጊዜ። አንዱን ስትቀንሱ ሌላውን መጨመር የግድ ነው። በቀዝቃዛ ውሃ የምታጥቡ ከሆነ ረዘም አድርጎ መዘፍዘፍ ያስፈልጋል። ለማሸት ጉልበት ከሌላችሁ ሳሙናው ጎበዝ መሆን አለበት። ከአራቱ ርካሹ ጊዜ ነው፤ ውዱ ደግሞ ሙቀት። ከዚህ በታች የምትመርጡት ሁሉ ከእነዚህ አራቱ የቱን በብዛት እንደምትከፍሉ መምረጥ ነው።

በእጅ ማጠብ

በእጅ ማጠብ ወጪ የለውም የሚባለው ልክ አይደለም። እናስላው። 15 ሊትር በሚይዝ ሳፋ አንድ ጊዜ አሽታችሁ ሁለት ጊዜ ብታለቀልቁ 45 ሊትር ውሃ ወጣ። በዚያ ሳፋ በአንድ ዙር የሚታጠበው ደግሞ ቢበዛ 2 ወይም 3 ኪሎ ደረቅ ልብስ ነው። ለአንድ ኪሎ ልብስ 15 ሊትርና ከዚያ በላይ ማለት ነው። በኋላ እንደምታዩት ጥሩ ማሽን ከዚህ በግማሽ ያንሳል። የወገብና የእጅ ድካሙ ሳይቆጠር ነው ይሄ።

እጅ የሚያሸንፍበት ቦታ ግን አለ። ሐር፣ ሱፍ፣ ዳንቴል ያለበት ልብስ፣ ገና ያልደረቀ እድፍ፣ እና ብቻውን የሚኖር ሰው ትንሽ ልብስ። ለእነዚህ ማሽን መክፈት ብክነት ነው።

በእጅ ስታጥቡ ውሃ የሚበላው ማሸቱ አይደለም፣ ማለቅለቁ ነው። ልብሱ ከሳሙናው ውሃ ሲወጣ አረፋውን በውስጡ ይዞ ይወጣል። ሳትጨምቁት ወደ ንጹሁ ውሃ ከከተታችሁት ያ ሁሉ ሳሙና አብሮ ይገባና ውሃው ወዲያው ይደፈርሳል። ሦስተኛና አራተኛ ማለቅለቂያ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው። መጀመሪያ በደንብ ጨምቁ፣ ከዚያ አለቅልቁ። የመጨረሻውን ማለቅለቂያ ውሃም አትድፉት። ሊጠራ ምንም አልቀረውም፤ የሚቀጥለው ልብስ ይዘፈዘፍበታል።

ባለ ሁለት ገንዳ ማሽን

ሰሚ አውቶማቲክ የሚባለው ነው። በአንዱ ገንዳ ይታጠባል፣ በሌላው ይጨመቃል። ልብሱን ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዛውሩት እናንተው ናችሁ። ብዙ ሰው ይሄን እንደ ጉድለት ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ለቁጠባ ከዚህ የተመቸ ማሽን ጥቂት ነው ብዬ አምናለሁ።

ምክንያቱ ውሃው በእጃችሁ መሆኑ ነው። ማሽኑ አጥቦ ሲያበቃ ውሃውን በራሱ አይደፋውም። መጀመሪያ ነጩን ታጥባላችሁ። ታወጡና በዚያው ውሃ ላይ ትንሽ ሳሙና ጨምራችሁ ፈዛዛ ቀለም ያላቸውን ትከታላችሁ። በመጨረሻ ጥቁሩንና የሥራ ልብሱን። አንድ ገንዳ ውሃ ሦስት ዙር አጠበ ማለት ነው። በየመሃሉ መጭመቂያው ውስጥ ሁለት ደቂቃ ብታሽከረክሩት ሳሙናው ተጨምቆ ይወጣል፣ ማለቅለቂያውም ያንሳል። ቅድም በእጅ ጨምቁ ያልኩትን እዚህ ሞተር ይሠራላችኋል።

ሌላው ጥቅሙ የቧንቧ ግፊት አለመጠየቁ ነው። በባልዲ ሞልታችሁ መሥራት ትችላላችሁ። መብራት ቢቋረጥ፣ ሲመጣ ሰዓት ቆጣሪውን እንደገና አዙራችሁ ትቀጥላላችሁ። ውስጡ ሞተር፣ ቀበቶና ሰዓት ቆጣሪ ስለሆነ ለጥገና አያስቸግርም። ቀላል ስለሆነም አንስቶ ቦታ መቀየር ይቻላል።

ጉድለቱንም ልንገራችሁ። አጠገቡ መቆም አለባችሁ። አብዛኛው ውሃ አያሞቅም። መጭመቂያው ደግሞ ልብስ ወደ አንድ ጎን ካደላበት ይንቀጠቀጣል። ልብሱን ዙሪያውን እኩል አድርጋችሁ ጠቅጥቁና አብሮት የሚመጣውን ክብ የፕላስቲክ መጫኛ ላዩ ላይ አድርጉ። ያን መጫኛ ጥሎ መጠቀም የማሽኑን ዕድሜ ያሳጥራል።

ከላይ የሚከፈት አውቶማቲክ

ይሄ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው መሃሉ ላይ ረጅም ምሰሶ ያለው ነው። ልብሱ ውሃ ውስጥ እንዲንሳፈፍ ስለሚያደርግ በአንድ ዙር ከ100 ሊትር በላይ ውሃ ሊጠጣ ይችላል። ሁለተኛው በምሰሶው ፈንታ ከታች ጠፍጣፋ መዘውር አለው፤ በውሃ ከመጀመሪያው ይሻላል። ሁለቱም ቶሎ ይጨርሳሉ፣ ጎንበስ ማለት አያስፈልግም፣ የተረሳች ካልሲም መሃል ላይ ብትጨመር ችግር የለውም። የወገብ ሕመም ላለበት ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ለሚቆጥብ ቤት ግን ባለ ምሰሶውን አልመክርም።

ከፊት የሚከፈት አውቶማቲክ

እዚህ ከበሮው በጎኑ ተኝቷል። ልብሱ ከታች ትንሽ ውሃ ነክቶ ወደ ላይ ይወጣና ተመልሶ ይወድቃል። ማሸቱን የሚሠራው ይህ መውደቅ ነው። ውሃው ልብሱን ማንሳፈፍ ስለማይጠበቅበት 7 ኪሎ የሚይዝ ማሽን ማለቅለቂያውን ጨምሮ በ50 ሊትር አካባቢ ይጨርሳል። ለአንድ ኪሎ ልብስ 7 ሊትር ገደማ ነው። ልብስም ብዙ አይጎዳም።

የሚጠይቀውም አለ። የማይቋረጥ ቧንቧ፣ በቂ ግፊትና ጠንካራ ወለል ይፈልጋል። እንዳይንቀጠቀጥ ውስጡ የኮንክሪት ክብደት ስለሚገባበት 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል። አንዱ ዙር ሁለት ሰዓት፣ በቁጠባ ፕሮግራም ደግሞ ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል። ሰው «ይሄን ያህል ከሠራ መብራት ጨረሰ» ብሎ ይሰጋል። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቁጠባ ፕሮግራም የሚረዝመው ሙቀቱን ቀንሶ በጊዜ ስለሚተካው ነው።

«7 ኪሎ» የሚለው ጽሑፍም አያታላችሁ። ያ ለጥጥ ልብስ ነው። ለሰው ሠራሽ ጨርቅ የሚፈቀደው ግማሹ ያህል ነው፤ ለሱፍና ለአጭሩ ፕሮግራም ደግሞ ብዙ ጊዜ 2 ኪሎ አካባቢ። ከመግዛታችሁ በፊት መመሪያው ላይ ያለውን ሠንጠረዥ አስከፍታችሁ እዩት። ብርድ ልብስ የምታጥቡ ቤተሰቦች ከሆናችሁ 7 ኪሎው ይጠብባችኋል።

ታዲያ የቱን?

የእኔ ፍርድ ከውሃው ይጀምራል። ውሃችሁ በባልዲ የሚቀዳ ወይም በየጊዜው የሚጠፋ ከሆነ ባለ ሁለት ገንዳውን ያዙ። ከፊት የሚከፈተው ውሃ ሲጠፋበት መሃል ላይ ይቆማል፤ በሩም ተቆልፎ ልብሳችሁ ውስጥ ይቀራል። ቧንቧችሁ የማይቋረጥ ከሆነ፣ በሳምንትም ሦስት አራት ዙር የምታጥቡ ቤተሰቦች ከሆናችሁ፣ ከፊት የሚከፈተው በጊዜ ብዛት የዋጋ ልዩነቱን ይመልሳል። መታጠፍ የማይችል ሰው ካለ ባለ መዘውሩን ከላይ የሚከፈት። ብቻችሁን የምትኖሩ ከሆነ ደግሞ ሳፋና ጥሩ ሳሙና ይበቃችኋል፤ አለመግዛትም ምርጫ ነው።

የሙቀቱ ሂሳብ

መብራት የሚቆጠበው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። አንድ ሊትር ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 1.16 ዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ማሽኑ 15 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ቢያሞቅ 0.7 ኪሎ ዋት ሰዓት ለውሃው ብቻ ሄደ። ወደ 30 ዲግሪ ብቻ ቢያሞቀው 0.17 ይበቃዋል። አራት እጥፍ ልዩነት ነው፣ በአንዲት ቁልፍ።

ታዲያ 60 ዲግሪ መቼ ያስፈልጋል? የታመመ ሰው አንሶላ፣ የሕፃን የጨርቅ ዳይፐር፣ ፎጣ፣ የወጥ ቤት ጨርቅ። እነዚህ ላይ አትሰስቱ። ሸሚዝ፣ ቲሸርትና ሱሪ ግን ላብና አቧራ እንጂ ሌላ የለባቸውም፤ በ30 ወይም በቀዝቃዛ ይጠራሉ። የደም እድፍማ ጭራሽ ሙቅ ውሃ ማየት የለበትም። ሙቀቱ ጨርቁ ላይ ያደርቀዋል። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፉት።

ሁልጊዜ በቀዝቃዛ የሚሠራ ማሽን ግን ከጊዜ በኋላ ይሸታል። የሳሙና ቅሪትና ሻጋታ የበሩ ጎማ እጥፋት ውስጥ ይከማቻል። በወር አንድ ጊዜ ያህል ባዶውን በ60 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ አሠሩት። ስትጨርሱ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ተዉት።

ስለ መጭመቅ ፍጥነት ደግሞ በአጭሩ። ሻጮች በደቂቃ 1400 ዙር ይሽከረከራል ብለው ዋጋ ይጨምራሉ። ልብሳችሁን ገመድ ላይ የምታሰጡ ከሆነ 1000 ይበቃል፣ ልብሱም ያን ያህል አይጨማደድም። የኤሌክትሪክ ማድረቂያ ያለው ሰው ግን ከፍተኛውን ይምረጥ። አንድ ሊትር ውሃን ለማትነን ብቻ ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ይሄዳል። በማሽከርከር ማውጣት ከዚህ እጅግ ይረክሳል። ፀሐይና ነፋስ ካላችሁ ማድረቂያ መግዛቱን ተዉት።

ሳሙናስ?

ደረቅ ሳሙና ለአንገትጌና ለእጅጌ ጫፍ ወደር የለውም። ቀጥታ እድፉ ላይ ይታሻል። ካልሲየምና ማግኒዚየም በበዛበት ውሃ ላይ ግን ይሸነፋል፤ ከእነሱ ጋር ተዋህዶ ዝቃጭ ይሠራል። ነጭ ልብስ ግራጫ የሚመስለውና ፎጣ የሚሻክረው አንዳንዴ በዚህ ነው። እንዲህ ያለ ውሃ ካላችሁ ዱቄት ወይም ፈሳሽ ይሻላል።

በዱቄትና በፈሳሽ መካከል ምርጫው በልብሱ ነው። ጥሩ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ በኦክስጅን የሚያነጣ ንጥረ ነገር ስላለው ለነጭና ለጭቃ ይሻላል። ፈሳሹ ማንጫ የለውም፣ ቀለም አያፈዝም፣ በቀዝቃዛ ውሃም ቶሎ ይሟሟል፤ ለዘይት እድፍም ጎበዝ ነው። ማሸጊያው ላይ «ኢንዛይም» የሚል ካያችሁ በቀዝቃዛ ለምታጥቡ ጥሩ ነው፤ እንደ ደም፣ ወተትና እንቁላል ያለ የፕሮቲን እድፍ ይሰብራል። ለሐርና ለሱፍ ግን አትጠቀሙበት፤ እነሱም ፕሮቲን ስለሆኑ ይጎዳሉ።

ዋጋ ስታወዳድሩ በኪሎ አታስሉ። የጥቅሉን ዋጋ ለሚያጥበው የዙር ብዛት አካፍሉት። ርካሽ መስሎ ሁለት እጥፍ የሚጨመርበት ሳሙና አለ።

ከፊት የሚከፈት ማሽን ከገዛችሁ ለእጅ ማጠቢያ የተሠራውን ዱቄት አትጨምሩበት። እሱ ብዙ አረፋ እንዲሠራ ተደርጎ ነው የሚመረተው። አረፋው የልብሱን አወዳደቅ ያለዝበዋል፣ ማሽኑም ያን ለማጠብ ተጨማሪ ውሃ ይስባል። መስተዋቱን ተመልከቱ። በማጠብ መሃል አረፋው ከግማሽ በላይ ከወጣ ሳሙናው በዝቷል፤ በሚቀጥለው ቀንሱ።

ማለስለሻ ፎጣ ላይ አታድርጉ፣ ውሃ መምጠጡን ይቀንሰዋል። በረኪናን ደግሞ ከአቼቶ ወይም አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ። የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው።

ከልማዶች ሁሉ ብዙ የሚያተርፈው ያልቆሸሸ ልብስ አለማጠብ ነው። ጂንስና ሹራብ አንዴ ተለብሰው ማጠቢያ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ነፋስ ላይ ሰቅላችሁ አናፍሷቸው። ከበሮውንም ሙሉ አድርጋችሁ አሠሩ፤ ከልብሱ በላይ አንድ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይቅር እንጂ።

ከፊት የሚከፈተውን የመረጣችሁ፣ ማሽኑ ቤት በገባ ቀን ሶኬት ላይ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አዙራችሁ እዩት። ከበሮው በመንገድ ላይ እንዳይናወጥ የያዙት ረጃጅም ብሎኖች አሉ። እነሱ ሳይፈቱ ማሽኑ ከተነሳ እየዘለለ ራሱን ይሰብራል። ፍቱና ከመመሪያው ጋር በከረጢት አስቀምጧቸው፤ ቤት ስትቀይሩ ተመልሰው ይታሰራሉ።